ጋሽ ሽብሩና ቀጥ ብሎ አልቆምም ያለው በርጩማ

እሺ በሉኝና አንድ ነገር ላውራችሁ። እሺ ባትሉኝም ማውራቴ አይቀርም፤ ነገሩ ሰሞኑን አፌ ላይ ተንጠልጥሎ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ጋሽ ሽብሩ የሚባል ሰው ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ እንደወጣ መጀመሪያ እስኪበቃው ተኛ። ቀጥሎ የግቢውን በር ቀለም ቀባ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑ አላልቅ አለው። መሪ የለመደ እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ለማንም አልተናገረም እንጂ «ከእንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ?» የሚል ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። አንድ ቀን መርካቶ ወርዶ መጋዝ፣ መዶሻና መሰርሰሪያ ተሸክሞ መጣና «አናጢ ሆኛለሁ» አለ። ስለ አናጢነት የሚያውቀው በአውቶብስ መስኮት ሲያልፍ ያየውን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሠራው መደርደሪያ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ቀስ እያለ ይንሸራተትና ከጫፍ ይወድቃል።

ሚስቱ ትርፌ ደግሞ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በርጩማ።

ትርፌ ስፌት ሰፊ ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አጥሩ ሥር ስታርፍ የሰፈሩ ሴቶች እዚያ ይቀመጣሉ፤ ይሰፋሉ፣ ይፈትላሉ፣ ሰው ያማሉ። ትርፌም ከእነሱ ተለይታ አታውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ከዳት። መሬት ላይ መቀመጡን ትቀመጣለች፤ መነሳቱ ነው የማይሆንላት። «እስቲ አንሱኝ» ብላ ጎረቤት ከመለመን ቤቷ መቅረቱን መረጠች። ቤት ውስጥ ወንበር መች ጠፋ? ግን ወንበር ላይ ሆኖ ስፌት አይሰፋም፤ ስንደዶው ይርቃል፣ ወገብ ይቆለመማል። ስለዚህ ፀሐይ እያለ እሷ በመስኮት ታያለች። የጉልበቷን ነገር ለሰው እንዳይናገር ባሏን በጊዮርጊስ አስምላዋለች።

«አንድ በርጩማ ግዛልኝ» አለችው።

«እግዜር ያሳይሽ! አናጢ ቤትሽ ቁጭ ብሎ በርጩማ ከገበያ ልትገዢ?» አለ ጋሽ ሽብሩ። ደስ ብሎት መዶሻውን አነሳ።

ሠራም። መቀመጫውን ክብ አድርጎ ቆረጠ፤ ክብ ነው ያለው እሱ ነው። አራት ቦታ ሰረሰረ፣ አራት እግር መታ። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው በርጩማው ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ አለ። አንደኛው እግር ረዝሟል። ቆረጠው። አሁን ደግሞ ሌላኛው ረዘመ። እሱንም ቆረጠው። ሦስተኛው ረዘመ። እንዲህ ሲከረክም፣ ሲከረክም፣ የበርጩማው ቁመት እያጠረ ውዝዋዜው እዚያው ቀረ። በመጨረሻ መጋዙ አንድ የተደበቀ ሚስማር ነክሶ ጥርሱ ረገፈ። ያን ቀን መጋዙም ጡረታ ወጣ።

በርጩማው ቀጥ ብሎ አልቆምም አለ። መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ። ትርፌም በመስኮት ፀሐይ ታያለች።

«መጋዙ ተስሎ ይምጣ እንጂ በርጩማው አለቀ ማለት ነው» አለ ጋሽ ሽብሩ፤ ለመሳል ሞረድ ያስፈልገዋል። ሱቅ ሄዶ ሞረድ አይገዛም ወይ የምትሉ አላችሁ። ሱቅ የሚሄድ ሰው ቢሆን በርጩማውንስ አይገዛም ነበር? ሞረድ ያለው ከታች መንገድ ዳር ያለው በያጁ ምትኩ ጋ ነው። ጋሽ ሽብሩ መጋዙን በብብቱ ሸጉጦ ወረደ።

«ምትኩ፣ ልጄ፣ ሞረድህን አውሰኝ» አለው። «በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለኝ፤ መጋዙም በርጩማውን አልቆርጥም አለኝ።»

ምትኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ጠቆመ። ቆርቆሮው መሀሉ ላይ ተቀዶ ሰማይ ይታያል።

«ጋሼ፣ እርስዎን እንቢ ማለት ይከብደኛል» አለ። «ግን ይህን ጣራ ያዩታል? ዝናብ ሲመጣ ማሽኔ ላይ ነው የሚወርደው። ወጥቼ እንዳልደፍነው መሰላሌን ጋሽ ገረመው ወስደውታል። ‹ለዛሬ ብቻ› ብለው ነበር የወሰዱት። እኔም ምያለሁ፤ ያዋስኩት መሰላል ካልተመለሰ ከዚህ ቤት መርፌ አይወጣም።»

«ሞረድ መርፌ ነው እንዴ?»

«ከመርፌ ይበልጣል እኮ ጋሼ!»

እንግዲህ በርጩማው ቀጥ ብሎ አልቆምም አለ። መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ። ሞረዱ መጋዙን አልስልም አለ። ትርፌም በመስኮት ፀሐይ ታያለች።

ጋሽ ሽብሩ ወደ ገረመው ቤት ወጣ። ገረመው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ አውቶብስ ላይ አብሮት የሠራ ትኬት ቆራጭ ነው። ዛሬም ሰው ቤቱ ሲገባ «ወደ ውስጥ ጠጋ፣ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ልማድ ነው፣ ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው።

«ጠጋ፣ ጠጋ! ኧረ ሽብሩ ነህ?»

«ገረመው፣ የምትኩን መሰላል መልስ። በርጩማው አልቆምም አለ፣ መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ፣ ሞረዱ መጋዙን አልስልም አለ፣ ሁሉ ነገር አንተ ጋ ቆሟል!»

«እኔ ጋ?» አለ ገረመው፤ ከፋው። «እኔ ምን አደረግኩ? ዲሼን ላስተካክል ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ መሰላሉን አጥሩ ሥር አጋደምኩት። በማግስቱ ልመልስ ስሄድ ተይዟል።»

«በማን?»

ገረመው በጣቱ አሳየው። የተጋደመው መሰላል ሁለት መወጣጫዎች መሀል ሣር በቅሎ፣ ሣሩ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ያለችበት ቦታ የተስማማት ናት፤ ዓይኗን ግማሽ ከድና ሁለቱንም ንቃ ታያቸዋለች።

«የእትዬ አስካለ ዶሮ ናት» አለ ገረመው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ነው የመጣችው። እኔ አልነካትም። አስካለን ታውቃቸው የለ?»

«ዶሮ ፈርተህ ነው?»

«እሺ አንተ ሾፌሩ አስነሳት! አስፋልት ላይ ዶሮ ስትገባብህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ጥሩምባ እነፋ ነበር።»

«በል ንፋ!»

ጋሽ ሽብሩ ግራ ቀኙን አየ። ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ጎንበስ ብሎ «ጲጵ! ጲጲጲጵ!» አለ። ዶሮዋ ዓይኗን ከፈተች፤ አንገቷን መዝዛ ጣቱን ነከሰችው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ እንዳልሳቅ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር።

በርጩማው ቀጥ ብሎ አልቆምም አለ። መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ። ሞረዱ መጋዙን አልስልም አለ። መሰላሉ ወደ ምትኩ አልሄድም አለ። ዶሮዋ ከመሰላሉ አልነሳም አለች። ትርፌም በመስኮት ፀሐይ ታያለች፤ ፀሐይዋም ወደ ማዘንበሉ ነው።

ጋሽ ሽብሩ ጣቱን እየጠባ ወደ እትዬ አስካለ ሄደ። እትዬ አስካለ በዕድሜ ይበልጡታል፣ በምላስ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ይበልጡታል። ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት አጥር ሥር ጥጥ እየፈተሉ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ዶሮዎን አስነሱልኝ» አለ፤ ዳገቱ አድክሞት በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «ዶሮዎ ከመሰላሉ አልነሳም አለች፣ መሰላሉ ወደ ምትኩ አልሄድም አለ፣ ሞረዱ መጋዙን አልስልም አለ፣ መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ!»

እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ለመሆኑ ጤና ነህ?» አሉት።

ደግሞ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«ዶሮዋ ጥፋት የለባትም» አሉ ሲጨርስ። «ጫጩቶቿ ሊፈለፈሉ ነው፤ እንዲያው ብትነሳ እንቁላሉ በርዶት ይሞታል። እንቅብ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘን፣ ከነእንቁላሏ ብናዛውራት ግን እሺ ትላለች፤ አምናም እንዲሁ አድርጌያታለሁ።»

«ታዲያ እንቅቡ የታለ?»

እትዬ አስካለ ገብተው ይዘውት ወጡ። እንቅቡን ከፍ አድርገው ሲያሳዩት በእንቅቡ መሀል የራሳቸው ፊት ታየ። ቂጡ ወልቋል።

«ይሰፋ እንጂ!» አለ ጋሽ ሽብሩ።

«ማን ይስፋው?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰፊ አይደለም እንዴ?»

«ሰፊስ ሞልቷል» አሉ እትዬ አስካለ። «ይህን የሰፋችልኝ ግን ትርፌ ናት። ከእሷ እጅ በኋላ ሌላ ሰው ወስፌ አላስነካውም ብዬ አስቀምጬዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሽብሩ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ትርፌን ምን አስቀየምናት? ቁጭ ብለን ሁልጊዜ የምናነሳው ይህንኑ ነው። አንዷ ‹አንቺ ነሽ ያስከፋሻት› ትላለች፣ ሌላዋ ‹አንቺ ነሽ› ትላለች። ቦታዋን እንኳ ማንም አይቀመጥባትም።»

እውነትም አጥሩ ሥር፣ ፀሐይዋ በደንብ በምታርፍበት በኩል፣ አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ነበረ። ጋሽ ሽብሩ አየው። በጊዮርጊስ ባይምል ኖሮ እዚያው ያፈርጠው ነበር። «ኧረ ማንም አላስቀየማትም» ብቻ አለና እንቅቡን ተቀብሎ ሄደ።

ቤት ሲገባ ትርፌ መስኮቱ ጋ ናት።

«መጋዙ ተሳለ?» አለችው።

«አልተሳለም።»

«ሞረዱስ?»

«አልመጣም።»

«ምን ይዘህ መጣህ ታዲያ?»

ጋሽ ሽብሩ ቂጡ የወለቀውን እንቅብ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ትርፌ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው፤ የራሷን እጅ አወቀችው።

«የአስካለ ነው» አለች። «ሌላ ሰው ሰፍቶላት አልቋል ብዬ ነበር እኮ። አልሰፋ አሏት?»

«አይደለም። አንቺን እየጠበቁ ነው። ሌላ ሰው አላስነካም ብለው ነው።»

«ውሸትህን ነው።»

«ዶሮዋ ትንከሰኝ» አለ ጋሽ ሽብሩ፤ ተነክሷል፣ መማሉ ቀላል ነበር። «ቂም የያዝሽባቸው መስሏቸዋል ትርፌ። እርስ በርሳቸው እየተካሰሱ ነው። ቦታሽንም ማንም አይቀመጥበትም።»

ትርፌ እንቅቡን አቀፈችው። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ የረሷት መስሏት ነበር፤ ማታ ማታ የምታስበው እሱን ነበር። ደስ አላት፣ ደግሞም አለቀሰች፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «ወስፌዬን አምጣ» አለች።

ወስፌው መጣ። ስንደዶው ተነከረ። እንቅቡም ተዘጋጀ።

«አሁን እንግዲህ ምን ላይ ልቀመጥ?» አለች ትርፌ።

ጋሽ ሽብሩ ራሱን አከከ። ምን ይበል? ትርፌ እንቅቡን እንዳትሰፋ መቀመጫ የላትም። እንቅቡ ዶሮዋን አልይዝም አለ። ዶሮዋ ከመሰላሉ አልነሳም አለች። መሰላሉ ወደ ምትኩ አልሄድም አለ። ሞረዱ መጋዙን አልስልም አለ። መጋዙ በርጩማውን አልቆርጥም አለ። በርጩማው ቀጥ ብሎ አልቆምም አለ። ሰውየው ዳገቱን ሲወጣ ሲወርድ ውሎ ተመልሶ የገዛ ሚስቱ ፊት ቆመ። ይህንኑ ከጣቱ ንክሻ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገራት፤ ጥሩምባውን ሳይቀር ነፋላት። ትርፌ ሳቀች። ጎኗን ይዛ ሳቀች። እሱ መጀመሪያ ተናደደ፤ ሚስቱ እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች፣ ትዝ ሲለው ንዴቱን ተወው።

«አምጣው እስቲ ያን ጉድህን» አለች።

በርጩማው መጣ። ቀጭ ቋ አለ።

«የአባቴ በርጩማ ስንት እግር ነበረው?» ብላ ጠየቀችው።

ጋሽ ሽብሩ አሰበ። «ሦስት» አለ።

«የእናትህስ?»

«ሦስት።»

«አገር ምድሩ ሦስት እግር ሲሠራ አንተ አራት ማን አስተማረህ?»

«እንዴት አድርጌ!» አለ፤ የሹፌር ደሙ ፈላ። «አውቶብስ የነዳሁ ሰው ሦስት እግር ልሥራ? ሦስት እግር ያለው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ደግሞ ኩርባ ላይ ይገለበጣል! በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

«እኔ ልቀመጥበት ነው እንጂ ኩርባ ልዞርበት ነው እንዴ?»

 መዶሻውን አንስቶ በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች መትቶ አስወጣ። በሁለቱ ቀዳዳ መሀል አዲስ ቀዳዳ ሰረሰረ። አንዱን እግር እዚያ መታው። መጋዝ አልፈለገም፣ ሞረድ አልፈለገም። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው በርጩማው ድምፁን አላሰማም። አንደኛው እግር አጠር፣ ሌላው ረዘም ይላል፤ ግን እግሩ ሦስት ከሆነ መሬቱ ወጣ ገባም ቢሆን ሦስቱም ይረግጣሉ፤ ለአራተኛው የሚተርፍ ጭቅጭቅ የለም። ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል እንጂ ፍንክች አይልም። ጋሽ ሽብሩ በእጁ ገፋው። በእግሩ ገፋው። ቁጭ አለበት። ከዚያ ሁለቱም ተያዩ።

ትርፌ በርጩማውን በአንድ እጇ፣ እንቅቡን በሌላው አንጠልጥላ ከቤት ወጣች። አጥሩ ሥር ስትደርስ እንዝርት ሁሉ ቆመ። እሷ በርጩማዋን ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችና «ጉልበቴ ነው» አለች። «መነሳት አቅቶኝ ነው የቀረሁት። አፍሬ ነው።»

«ጉድ ፈላ! ለዚህ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔስ ብሆን ማን የሚያነሳኝ ይመስልሻል? ሁለት ሆነው እየጎተቱኝ እኮ ነው!»

ሴቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ የማን ጉልበት፣ የማን ወገብ፣ የማን ቁርጥማት እንደሚብስ እስኪለይ ድረስ ፀሐይዋም ጠበቀቻቸው።

ከዚያ በኋላማ ምን ይነገራል? ትርፌ እንቅቡን ሰፋች። እንቅቡ ዶሮዋን ያዘ። ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ከመሰላሉ ተነሳች፤ ገረመው «ወደ ውስጥ ጠጋ፣ ጠጋ በይ» እያለ አሳፈራት። መሰላሉ ወደ ምትኩ ሄደ። ምትኩ ጣራውን ደፈነ፣ ሞረዱንም ሰጠ። ሞረዱ መጋዙን ሳለ። መጋዙ እንደ አዲስ አብለጨለጨ፤ አሁን የቀረበልህን ቁረጥ ቢሉት ቆራጭ ነው።

ጋሽ ሽብሩ መጋዙን ይዞ አጥሩ ሥር መጣ። ፊቱ በርቷል። በርጩማውን ዞር ብሎ ከኋላ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከጎን አየው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ትርፌ፣ አንድ ጊዜ ተነሺልኝ» አለ። «ወደ ግራ ታዘነብላለች። ያቺን እግር ትንሽ፣ ለአመል ያህል ብቻ፣ ልንካልሽ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ትርፌ ዞሩ። ትርፌ መጋዙን አየች፣ ባሏን አየች፣ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበችና ደህና አድርጋ ተደላደለች።

መጋዙ እቆርጣለሁ አለ። ሞረዱ እስላለሁ አለ። መሰላሉ ሄዷል፣ ዶሮዋ ተነስታለች፣ እንቅቡም ሞልቷል።

ትርፌ ግን ከበርጩማዋ አልነሳም አለች።

ያላመናችሁኝ ሂዱና እዩዋት፤ ፀሐይ ካለ አጥሩ ሥር ናት።